ሁለተኛው ባላ ሲከዳ
የኮምፒዩተር ሲስተም ሲወድቅ የሚጠፋው ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ማን ምን እንደሸጠና ማን ምን እንደገዛ ማወቅም አብሮ ሊጠፋ ይችላል

«ሲስተም የለም» የሚለውን አነጋገር በባንክ መስኮት ፊት ተሰልፎ ያልሰማ ነጋዴ በከተማችን አይገኝም። አብዛኞቻችንም ሁለቱን ቃላት እንደ መብራት መጥፋት ቆጥረን፣ ጥቂት ጠብቀን ወይም «ነገ እንመለሳለን» ብለን እናልፋቸዋለን። ይሁን እንጂ ችግሩ በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ የሚወሰን፣ ወይም በድሃ አገር ብቻ የሚደርስ አይደለም። በቴክኖሎጂዋ የምትደነቀው ጃፓን ዋናውን የአክሲዮን ገበያዋን ለአንድ ሙሉ ቀን የዘጋችው በዚሁ «ሲስተም የለም» በሚባለው ምክንያት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ታዲያ ማሽን ለምን ይበላሻል ብሎ መጠየቅ አይደለም። ማሽን ይበላሻል። ለነጋዴው፣ ለደላላውና ለኢንቨስተሩ የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ማሽኑ ሲወድቅ ገንዘቤና ውሌ የት ላይ ነበሩ? ሲነሳስ የት ላይ አገኛቸዋለሁ?

የቶኪዮው ሐሙስ

ቀኑ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2020 (መስከረም 21 ቀን 2013 ዓ.ም.) ሐሙስ ነበር። በቶኪዮ እኛ እንደምንቆጥረው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ላይ፣ «አሮውሄድ» በሚባለው የገበያው የግብይት ሲስተም ውስጥ ያለ አንድ የጋራ መረጃ ማከማቻ መሣሪያ ሜሞሪው ተበላሸ። ሲስተሙን የሠራው ታዋቂው የጃፓን ኩባንያ ፉጂትሱ ነው።

የተበላሸው መሣሪያ ብቻውን አልነበረም። አንደኛው ሲወድቅ ሥራውን ወዲያው እንዲረከብ የተቀመጠ መንትያ ነበረው። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን ያባቶች ምክር ጃፓናውያኑ መሐንዲሶች በሚገባ ፈጽመውታል ማለት ነው። ሁለተኛው ባላ ግን አልያዘም። ርክክቡ ሳይፈጸም ቀረ።

ገበያው 3 ሰዓት ላይ መከፈት ሲገባው ሳይከፈት ቀረ። እኩለ ቀን ከመድረሱ በፊትም ግብይቱ ለሙሉው ቀን እንደማይካሄድ ተገለጸ። ወደ 3,700 የሚጠጉ ኩባንያዎች አክሲዮን ሳይገዛና ሳይሸጥ ዋለ። ይህንኑ ሲስተም የሚጠቀሙት የናጎያ፣ የሳፖሮና የፉኩኦካ ገበያዎችም አብረው ቆሙ። የቶኪዮ ገበያ እ.ኤ.አ. በ1999 ሙሉ በሙሉ ወደ ኮምፒዩተር ግብይት ከዞረ ወዲህ በሲስተም ብልሽት ለሙሉ ቀን ሲዘጋ የመጀመሪያው ነበር።

በኋላ በተደረገው ምርመራ የተገኘው ምክንያት ለሰሚው የሚያስገርም ነው። በመሣሪያው ላይ የራስ በራስ ርክክቡን የሚመለከተው ማስተካከያ «ዝግ» ተብሎ ተቀምጧል። መመሪያ መጽሐፉ ደግሞ ማስተካከያው ዝግ ቢሆንም ርክክቡ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ እንደሚፈጸም ይናገራል። አምራቹ ግን በኋለኛው ሞዴል ላይ አሠራሩን ለውጦት ነበር፤ መጽሐፉ ሳይታረም ቀረ። የመጽሐፉን ቃል ያመኑት ሁሉ መጠባበቂያ አለን ብለው ነበር የሚያድሩት። መጠባበቂያው የነበረው ግን በወረቀት ላይ ብቻ ነው።

በወቅቱ የገበያው ፕሬዚዳንት የነበሩት ኮይቺሮ ሚያሃራ በዚያው ዕለት ጋዜጠኞችን ጠርተው ይቅርታ ጠየቁ። ጥፋቱን በዕቃ አቅራቢው ላይ ከመጫን ይልቅም ገበያውን የማስተዳደር ኃላፊነት የድርጅታቸው መሆኑን ተናገሩ። በኖቬምበር 30 ቀን 2020 የአገሪቱ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የአሠራር ማሻሻያ ትእዛዝ ሲሰጥ፣ ሚያሃራም ከሥልጣናቸው ለቀቁ። የአንድ ዕቃ ሜሞሪ ተበላሽቶ የአንድ ትልቅ ገበያ ፕሬዚዳንት ወንበር ተለዋወጠ ማለት ነው።

ለምን አጥፍተው አላበሩትም?

ይህን የሚያነብ ሰው «ታዲያ ለምን አጥፍተው እንደገና አላበሩትም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሊያደርጉት ይችሉ ነበር። የተበላሸውን አስወግዶ ሲስተሙን በዚያው ቀን ማስነሳት የማይቻል አልነበረም።

እንቅፋት የሆነው ከቴክኒኩ ይልቅ የመዝገቡ ጉዳይ ነው። ገበያው ትእዛዝ መቀበል የሚጀምረው ከመከፈቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው። ስለዚህ ውሳኔ በሚፈለግበት ሰዓት ደላሎች የደንበኞቻቸውን የመግዣና የመሸጫ ትእዛዝ አስገብተዋል። ሲስተሙ ተዘግቶ ቢነሳ እነዚያ ትእዛዞች ይሰረዛሉ። ትእዛዙ ተይዞልኛል ብሎ የሚጠብቅ፣ ተሰርዟል ብሎ እንደገና የሚልክ፣ ከነጭራሹ ያልሰማ፣ ሁሉም በአንድ ገበያ ላይ ይደባለቃሉ። የገበያው ኃላፊዎች ከአባል ደላሎች ጋር ተመካክረው ከዚህ ትርምስ ይልቅ ቀኑን መዝጋት መረጡ። በማግሥቱም ግብይቱ እንደወትሮው ቀጠለ።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከብልሽት መነሳት ማለት ማሽኑን ማብራት ብቻ አይደለም። የተፈጸመውንና ያልተፈጸመውን ለይቶ፣ ባለጉዳዮቹ ሁሉ በአንድ መዝገብ ላይ እንዲስማሙ ማድረግ ነው። ይህ ደግሞ ከኮምፒዩተር ባለሙያ ይልቅ ለሒሳብ ሠራተኛ የሚቀርብ ነገር ነው።

አስቀድሞ መጻፍ

አንድ ነጋዴ 100,000 ብር ከራሱ ሒሳብ ወደ አቅራቢው ሒሳብ ያስተላልፋል እንበል። ሥራው ሁለት እርምጃ አለው፤ ከአንዱ መቀነስ፣ ለሌላው መጨመር። ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው ሳይጨመር መብራት ቢጠፋስ? ገንዘቡ ከሁለቱም እጅ ወጥቶ በአየር ላይ ይቀራል።

የባንክ ሲስተሞች መድኃኒት ያደረጉት የድሮ ሒሳብ ያዦች የሚያውቁትን ዘዴ ነው። ዋናው ሌጀር ከመነካቱ በፊት ሊደረግ የታሰበው ሁሉ በማይጠፋ የውሎ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ሥራው ሲያልቅ «ተፈጽሟል» የሚል ምልክት ይደረግበታል። ማሽኑ ወድቆ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነበው ይህን መዝገብ ነው። ምልክቱ ያለበትን ውል እስከ መጨረሻው ያደርሳል፤ ምልክቱ የሌለበትን ወደ ነበረበት ይመልሳል። ግማሽ ውል የሚባል ነገር አይኖርም።

ይህን አሠራር መልክ ካስያዙት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ጂም ግሬይ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በኮምፒዩተር ሳይንስ ከፍተኛ የሚባለውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀብሎበታል።

ሁለት ቤት፣ አንድ ውል

አንድ ማሽን ብቻ ሲሆን ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው። ዛሬ ግን አንድ ግብይት በአንድ ማሽን ላይ አያልቅም። የአንድ ባንክ ካርድ በሌላ ባንክ ኤቲኤም ላይ ሲገባ ቢያንስ ሦስት ቤቶች ይነጋገራሉ፤ ማሽኑን የተከለው ባንክ፣ ካርዱን የሰጠው ባንክና በመካከል የሚያገናኘው ማዕከል። «ከሒሳቤ ተቆርጧል፣ ብሩ ግን አልወጣልኝም» የሚለው የተለመደ አቤቱታ የሚመጣው ከነዚህ ቤቶች መካከል አንዱ መልእክት ልኮ መልሱ በመንገድ ሲቀር ነው።

የችግሩ ሥር ዝምታ ነው። መልስ ያልሰጠ ማሽን ሞቷል? ወይስ ሥራውን ጨርሶ መስመሩ ስለተቋረጠ ብቻ ነው ያልሰማነው? ከሩቅ ሆኖ ለሚጠይቀው ሁለቱ አንድ ናቸው። ሞቷል ብሎ ትእዛዙን ደግሞ ቢልክ ሁለት ጊዜ ሊቆረጥ ነው። ደህና ነው ብሎ ቢተወው ጨርሶ ላይፈጸም ነው። ስለሆነም በጥንቃቄ የተሠራ ሲስተም ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ ያው ከሆነ ትእዛዙ አሥር ጊዜ ቢላክ የሚፈጸመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንባቢያን የደረሰኝ ቁጥራችሁን አትጣሉ የምንለውም ለዚህ ነው።

ውሉ በሁለት ቤት የሚፈጸም ከሆነ ደግሞ አንድ አስማሚ ያስፈልጋል። አስማሚው ማሽን እንደ ቤት ደላላ በመጀመሪያ ሁለቱንም ወገን «ዝግጁ ነህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም ቃላቸውን በውሎ መዝገባቸው ጽፈው «ዝግጁ ነኝ» ካሉ በኋላ «ተፈጽሟል» ብሎ ያውጃል። አንዱ እንኳ እምቢ ካለ ውሉ ይፈርሳል። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው። ሁለቱም ቃል ከሰጡ በኋላ ደላላው ራሱ ቢወድቅ፣ ሻጭ ዕቃውን ለሌላ መሸጥ አይችልም፣ ገዢም ገንዘቡን መንካት አይችልም። ደላላው እስኪነሳ ድረስ ሁለቱም ታስረው ይቆያሉ።

ስለዚህም አስማሚው አንድ ማሽን ብቻ እንዳይሆን ተደረገ። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» እንዲሉ ነው። ሌስሊ ላምፖርት የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው «ፓክሶስ» የተባለ ዘዴ ውሳኔ የሚሰጠው ብዙ ማሽኖች ተማክረው በአብላጫ ነው። ማሽኖቹ ሦስት ከሆኑ ሁለቱ፣ አምስት ከሆኑ ሦስቱ መስማማት አለባቸው። ምሥጢሩ ቀላል ስሌት ነው። ከአምስት ሰዎች መካከል የትኞቹንም ሦስት ዛሬ ብትጠሩ፣ የትኞቹንም ሦስት ነገ ብትጠሩ፣ በሁለቱም ስብሰባ ላይ የተገኘ ቢያንስ አንድ ሰው አለ። የትናንቱን ውሳኔ የሚያስታውሰው እርሱ ነው። ስለዚህ ከአምስቱ ሁለቱ ቢወድቁም የተፈጸመ ውል አይረሳም።

ተጠባባቂው ሳይተኛ ሲቀር

በቶኪዮ ተጠባባቂው ሲጠሩት አልነሳም። በኒውዮርክ የደረሰው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 2023 (ጥር 16 ቀን 2015 ዓ.ም.) የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሲከፈት፣ ከ250 በላይ በሚሆኑ አክሲዮኖች ላይ በየቀኑ መነሻ ዋጋ የሚወሰንበት የመክፈቻ ጨረታ ሳይካሄድ ቀረ። ዋጋቸው በደቂቃዎች ውስጥ ወዲያና ወዲህ ተላጋ። በብዙ አክሲዮኖች ላይ ግብይት ለጊዜው ቆመ፤ የተፈጸሙ በርካታ ውሎችም በኋላ ተሰረዙ።

ገበያው በሰጠው መግለጫ ምክንያቱ ለአደጋ ጊዜ በተዘጋጀው ሲስተም አሰናዳድ ላይ በሰው እጅ የተፈጠረ ስሕተት መሆኑን ገለጸ። በወቅቱ እንደተዘገበው ሌሊቱን መዘጋት የነበረበት ተጠባባቂ ሲስተም ሳይዘጋ አድሮ ነበር። ዋናው ሲስተም ጠዋት ሲነሳ ግብይት አስቀድሞ የተጀመረ መሰለው፤ የመክፈቻውን ጨረታም ዘለለው።

ሁለቱን ታሪኮች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ብልሽቱን ይመክታል የተባለው መሣሪያ ራሱ የብልሽቱ መንገድ ሆነ። ዞሮ ዞሮ የተሳሳተውም ሰው እንጂ ብረት አይደለም። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ጂም ግሬይ ለባንኮችና ለአክሲዮን ገበያዎች የማይቋረጡ ኮምፒዩተሮችን ይሠራ በነበረው በታንደም ኩባንያ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የደንበኞችን የብልሽት ሪፖርት መርምሮ ነበር። ያገኘው ውጤት ሲስተሞቹን ካቆሙት ምክንያቶች 42 በመቶው የአስተዳደር፣ ማለትም የማንቀሳቀስ፣ የማስተካከልና የመጠገን ሥራ ሲሆን፣ የዕቃው የራሱ ብልሽት 18 በመቶ ብቻ ነበር። ሁለት ማሽን የሚገዛ ድርጅት የ18 በመቶውን ሥጋት ይቀንስ ይሆናል። የቀረው የሚቀነሰው በልምምድ ነው።

ከቆመ ማሽን የሚሳሳት ማሽን

አገራችንም ከዚህ ትምህርት ድርሻዋን አግኝታለች። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ፈቀደ። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ በፍጥነት ተዛመተ። ባንኩ አገልግሎቱን እስኪዘጋ ድረስ ወደ 490 ሺህ የሚጠጉ ግብይቶች ተካሂደው ነበር። ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብም ወደ 801 ሚሊዮን ብር እንደሚደርስ በወቅቱ የባንኩ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ አቤ ሳኖ አስታውቀዋል። ባንኩ ችግሩ ከውጭ የተሰነዘረ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን የራሱ የውስጥ የሲስተም ብልሽት መሆኑን ገልጿል።

በዚያች ሌሊት ማሽኑ አልቆመም። ሠራ፤ ግን ተሳስቶ ሠራ። ባለሙያዎች ከሁሉ የሚፈሩት ይህንን ነው። የወደቀ ማሽን ዝም ይላል፤ ዝምታውም ያስጠነቅቃል። የሚሳሳት ማሽን ግን ለሁሉም መልስ ይሰጣል። ከዚህ የተነሳ ግሬይና ባልደረቦቹ ያጸኑት መርሕ፣ አንድ ክፍል የራሱን ሥራ ሲጠራጠር ወዲያው ይቁም የሚል ነው። «ሲስተም የለም» አንዳንድ ጊዜ ከሁለቱ ክፉዎች ቀላሉ ነው።

የመመለሱም ሥራ ከቶኪዮው የተለየ ሆነ። በመዝገብ ላይ ያለ ስሕተት በመዝገብ ይታረማል። ከኤቲኤም የወጣ ጥሬ ገንዘብ ግን ሰዉን አንድ በአንድ ጠይቆ ነው የሚመለሰው። ባንኩም ገንዘብ የወሰዱት እንዲመልሱ ጥሪ አደረገ፤ ያልመለሱትን ስም እስከማውጣትም ደረሰ። የአንድ ሌሊት ብልሽት የብዙ ሳምንታት ሥራ ጠየቀ።

ዋጋውን ማን ይክፈል?

«እንግዲያው ሁሉም በሩቅ ከተማ ሁለተኛ ማዕከል ይሥራ» ማለት ቀላል ነው። ሒሳቡ ግን ሁለት አማራጭ አለው። የመጀመሪያው እያንዳንዱ ግብይት በሁለቱም ማዕከላት እስኪጻፍ ድረስ ደንበኛው እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። ብርሃን በፋይበር ኬብል ውስጥ በአንድ ሚሊ ሰከንድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሁለቱ ማዕከላት መካከል ያለው ኬብል 300 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ለደርሶ መልስ በየግብይቱ ቢያንስ 3 ሚሊ ሰከንድ ይጨመራል። ለቁጠባ ሒሳብ ይህ ምንም አይደለም፤ በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ትእዛዝ ለሚያስተናግድ ገበያ ግን ወጪ ነው።

ሁለተኛው አማራጭ በዋናው ማዕከል ጽፎ መቀጠልና ቅጂውን ኋላ ማድረስ ነው። ይህ ፈጣንና ርካሽ ነው። ዋናው ማዕከል በድንገት ቢጠፋ ግን ያልተሻገሩት የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ግብይቶች አብረው ይጠፋሉ። ከሁለቱ የሚመረጠው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ለቴክኒሻን ብቻ የሚተው አይደለም፤ የባለቤቱ የንግድ ውሳኔ ነው።

የቶኪዮ ገበያ ከደረሰበት በኋላ ያደረገው ለውጥ ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 5 ቀን 2024 ጀምሮ የግብይት ሰዓቱን በ30 ደቂቃ አራዘመ። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ በቀኑ መካከል ብልሽት ቢደርስ ተነሥቶ ገበያውን ዳግም ለመክፈት በቂ ጊዜ እንዲኖር ነው። ማሽኑ አይወድቅም ብለው አልማሉም። ይወድቃል ብለው ለመነሻው ሰዓት ገዙለት።

በጉባኤው ላይ ምን ይጠየቅ?

ጉዳዩ ለአንባቢያን የሚቀርበው እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ግብይት ላይ ኮምፒዩተሩ ቢወድቅ እንኳ ቡናው በመጋዘን አለ፤ ሄዶ ማየት ይቻላል። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ በጀመረውና ወጋገን ባንክን በቀዳሚነት በመዘገበው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ግን የሚገበያየው አክሲዮን በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ላይ የሰፈረ ስምና ቁጥር ነው። መዝገቡ ከጠፋ የሚታይ ጆንያ የለም። ስለዚህ የአክሲዮን ባለቤት የሆነ ሁሉ የመዝገቡ ደኅንነት የንብረቱ ደኅንነት መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

ለባንኩም፣ ለደላላውም፣ ለገበያውም የሚቀርቡት ጥያቄዎች ከባድ አይደሉም። አንደኛ፣ ሲስተሙ ቢወድቅ በስንት ሰዓት ውስጥ ይነሳል? ሁለተኛ፣ ሲነሳ የስንት ደቂቃ መዝገብ ሊጎድል ይችላል? ሦስተኛ፣ በብልሽቱ ጊዜ የገባ ትእዛዝ ይጸናል ወይስ ይሰረዛል? ይህስ በጽሑፍ ለደንበኛው ተነግሯል? መልሱ ቁጥር ያለው መሆን አለበት። «ዘመናዊ መጠባበቂያ አለን» የሚለው መልስ ቶኪዮም ነበረው።

የባንኮች ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ሲደርስ ባለ አክሲዮኑ የትርፍ ድርሻው ስንት እንደሆነ ለመስማት ይጣደፋል፤ ተገቢም ነው። ከዚያው ጋር ግን እጁን አውጥቶ የዲሬክተሮች ቦርዱን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ቢጠይቅ አይከስርም። ጥያቄው ይህ ነው፦ ዋናውን ማሽን ሆን ብላችሁ አጥፍታችሁ፣ በመጠባበቂያው ብቻ ሙሉ የሥራ ቀን የዋላችሁት ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው?